የእርዱ ሁለት ቀለም

ፈሂማ ሐሰተኛ ብር የሚለየውን የብር ማጣሪያዋን መብራት ወደ ጠርሙሱ ስታዞር የነጩ ጋዎኗ እጅጌ ሰማያዊ ሆኖ በራ። ክው ብላ ቀረች። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውም ሰማያዊ ቁርጥ እሱን ነው።

ቤተ ሙከራው እንዲጨልም መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። የሳይንስ ውድድሩ ዳኞች ጎረቤት ክፍል ደርሰዋል፤ ቀጥለው እዚህ ይገባሉ። ፈሂማና ጓደኛዋ ፋና ወር ሙሉ ሲኩራሩ የከረሙት በእርድ ነው። የፈሂማ አባት ከአልዩ አምባ የላከላትን እርድ በአልኮል በጥብጠው፣ በሰማያዊ መብራት አረንጓዴ፣ በብር ማጣሪያው ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ሲያበራ አዩ። እንደሚያርፍበት መብራት ቀለሙን የሚቀያይር ሞለኪውል አገኘን ብለው ትምህርት ቤቱን አዳረሱት።

«ፋና፣ ጋዎናችንን ያጠብንበት ሳሙና እኮ ነው የሚያበራው» አለች ፈሂማ። «ጠርሙሶቹንም በሱ ነው ያጠብኳቸው። በደንብ አላለቀለቅኳቸውም መሰለኝ።»

«አቦ አታካብጂ!»

ፈሂማ የጠጣችውን፣ ሳሙና ያልነካውን የታሸገ ውሃ ጠርሙስ አንስታ አዲስ እርድ በአልኮል በጠበጠችበት። በሰማያዊው መብራት አረንጓዴ ሆነ። በብር ማጣሪያውም ያው አረንጓዴ።

«ዳኞቹ የሚያዩት የድሮውን ጠርሙስ ነው» አለች ፋና። «ዝም በይ።»

«ውሸት እኮ ነው።»

«ትናንት ውሸት አልነበረም።»

«ትናንት አላወቅንማ!»

ፋና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ፈሂ፣ ካሸነፍን አዳሪ ትምህርት ቤት እንገባለን። ካልሆነ አባባ በሰኔ አንኮበር ይመልሰኛል፤ ‹አስረኛን ጨርሰሽ ነይ፣ ይበቃሻል› ብሏል። ታውቂዋለሽ፣ ቃሉን አያጥፍም።»

ፈሂማ ታውቀዋለች። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ክፍል ተከራይተው ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። በረመዳን ከጎህ በፊት ለሱሁር ምግብ የምትቀሰቅሳት ፋና ናት። ስህተቱ የራሷ፣ የምትከፍልበት ደግሞ ፋና መሆኗ አንገበገባት። ምነው ይህን እጅጌ ባላየሁት አለች በልቧ።

በሩ ተንኳኳና መምህር ወልደኪዳን አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «ተዘጋጃችሁ? ዳኞቹ መጡ።»

«ዝግጁ ነን ቲቸር!» አለች ፋና ቶሎ ብላ።

ፈሂማ ምራቋን ዋጠች። «ቲቸር፣ እነሱ ሳይገቡ አንዴ ይምጡ። ሰማያዊው የእርዱ አይደለም፤ የሳሙናው ነው። ወላሂ አላወቅኩም ነበር። ጠርሙሶቹን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

መምህሩ ሁለቱን ጠርሙሶች እያፈራረቁ በመብራቱ አዩ። «ፋናስ ይህን ታውቅ ነበር?»

ፈሂማ «አታውቅም» ልትል አፏን ከፈተች።

«አውቃለሁ» አለች ፋና ቀድማት። «ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ።» ፊቷ አመድ መስሏል።

ፈሂማ እጇን ያዘቻት፤ ዳኞቹ ሲገቡም አልለቀቀቻትም።