አምስተኛው ጠመንጃ

ጂን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ቅመህ ነበር?» ብዬ ነው፣ ይህን ጠባዬን የሚያውቁ ጓደኞቼ ዛሬ ሲያነቡኝ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ፣ ይሳቁ፣ ተራቸው ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ «ሲመሽ ሐይቁ ዳር አትቁሙ» ስትል እስቅባት ነበር፣ ዐረብ አገር ሠርቼ ስመለስ ደግሞ ብሶብኝ፣ ሰው ስለ ጂን ማውራት ሲጀምር ስልኬን አውጥቼ እነካካ ነበር። ግን ያየሁትን አየሁ፣ እመነኝ፣ ያየሁትም በሌሊት አይደለም፣ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው፣ ጫትም በአፌ አልነበረም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ። ዐረብ አገር ስድስት ዓመት የሠራሁት የአደንና የበረሃ ጉዞ ዕቃ በሚሸጥበት አንድ ሰፊ መደብር ውስጥ ነው፣ ድንኳን በለው፣ የእጅ ባትሪ በለው፣ ጭልፊት የሚያሳርፉበት ጓንት በለው፣ የአደን ጠመንጃ በለው፣ የሌለ ነገር የለም፣ ሀብታሞቹ ለመዝናናት ይገዛሉ፣ እኔ ጠመንጃውን በጨርቅ እወለውላለሁ። ስድስት ዓመት የሰው አሻራ ከብረት ላይ ስጠርግ ስለኖርኩ አንድ ጠመንጃ አንዴ በእጄ ካለፈ ጭረቱን እንኳ አልረሳም። ይህን የምነግርህ ጉራ ልነዛብህ ፈልጌ አይደለም፣ በኋላ «ተሳስተህ ይሆናል» እንዳትለኝ ነው።

ጦርነቱ ወደኛ ወደ ሐይቅ በተጠጋበት ክረምት ታናሽ ወንድሜ ያሲን ልዝመት ብሎ ተነሳ። ያሲን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሐይቁ ላይ መረብ ጥሎ የሚያድር ሳቂታ ሰው፣ በዕድሜው ከቆሮሶ አሳ በቀር የገደለው ነገር የለም። የሰፈሩ ወንዶች በማግስቱ ወደ አምባሰል ሊወጡ ተቀጣጥረዋል፣ መሣሪያ ያለው መሣሪያውን፣ የሌለው ዱላውን ይዞ። እማ አለቀሰች፣ እኔ ለመንኩት፣ አልሰማንም።

«ወንድምጋሼ፣ ጎረቤቶቼ ሲወጡ እኔ ቁጭ ብዬ መረብ ልጠግን?» አለኝ።

መቅረቱ ካልሆነ ባዶ እጁን አይሄድም አልኩና ከዐረብ አገር ይዤ የመጣሁትን ገንዘብ ይዤ ወደ ከተማ ወጣሁ።

ያን ሰሞን ሰው ሰርጉን እየሰረዘ፣ በሬውን እየሸጠ መሣሪያ ይፈልግ ነበር። ከከተማው ዳር፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ትልቅ ቤት ውስጥ፣ ጋሽ አያሌው የሚባሉ የአባቴ ወዳጅ የነበሩ የአምባሰል ሰው ንግድ ከፍተዋል፣ ከፊት ለፊት ቡትስ ጫማ፣ ጃኬት፣ ሸራ፣ ኮዳ፣ ዝናር ይደረድራሉ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ የሚያውቁትን ሰው ብቻ የሚያስገቡበት ክፍል አለ።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ አያሌው» አልኳቸው።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ግባ የመሐመድ ልጅ። ለራስህ ነው?»

«ለያሲን ነው።»

«ያ አሳ አጥማጁ?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጫማ በቁጥሩ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ አንድ ሸራና አንድ ባትሪ መረጥኩ፣ ከዚያ መጋረጃውን ገልጠው አስገቡኝ፣ ወዲያው ከውጭ ሰው ስለ ጠራቸው «እያየህ ጠብቀኝ» ብለው ተመለሱ።

መብራት ጠፍቷል፣ ውጭው ጭጋግ ነው፣ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ስንጥቅ ብቻ ነበር። ምንጣፍ ላይ አራት ክላሽ ተጋድሟል፣ ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ሳነሳ ከኋላዬ ቅጭል አለ። የማንገቻ ቀለበት ድምፅ ነው፣ ሰው ጠመንጃ አንግቶ ሲራመድ የሚሰማው፣ ስድስት ዓመት የሰማሁትን ድምፅ አልስተውም። ዘወር አልኩ፣ ሰው የለም፣ ግን ግድግዳው ሥር አምስተኛ ጠመንጃ ተደግፎ ቆሟል።

ስገባ አላየሁትም መሰለኝ ብዬ ሄጄ አነሳሁት። እርጥብ ነበር፣ ብረቱ የሐይቅ ዳር ጭቃ ይሸታል። ሰደፉ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ ውስጥ ቡናማ ነገር ደርቆበታል፣ ምን እንደሆነ ማወቅ አልፈለግሁም። የሰደፉ አንገት ላይ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ቢጫ የሻሽ ቅዳጅ ሦስት ቦታ ተቋጥሮ ታስሯል። ከቋጠሮው በታች በጋለ ሚስማር «ያሲን» ተብሎ ተጽፏል፣ የመጨረሻው ፊደል እግር ግን ተንሸራቶ እስከ እንጨቱ ጠርዝ ድረስ ጠማማ መስመር ሠርቷል።

ቢጫ ሻሽ፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ እኔ ራሴ ለእማ ያመጣሁላት እንዲያ ያለ ነው። ወዲያው ግን ራሴን ገሠጽኩ፣ በኛ አገር ያሲን የሚባል ሰው ስንት አለ፣ ከዐረብ አገር የሚመጣ ሻሽስ ያልደረሰበት ቤት የት አለ፣ ብዬ መልሼ አቆምኩት። ጋሽ አያሌው ሲገቡ ግን ሳልጠይቅ አላለፍኩም።

«ያ ጠመንጃ የማን ነው?»

«የቱ?»

«ግድግዳው ሥር ያለው፣ ስም የተጻፈበት።»

«ኸየት አምጥተህ ነው ልጄ? አራት ነው ያስገባሁት» አሉኝ። ዘወር ብዬ ሳሳያቸው ግድግዳው ሥር ምንም አልነበረም፣ ምንጣፉ ላይ አራቱ ብቻ ተጋድመዋል። ጠመንጃው የቆመበት የሲሚንቶ ወለል ላይ ግን የሰደፍ ቅርጽ ያለው እርጥበት ነበር፣ ወላሂ፣ ሁለታችንም አየነው። ጋሽ አያሌው ሲያማትቡ አየሁ፣ ከዚያ «ጣራው ያፈሳል» አሉ።

እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ከአራቱ አንዲት ጭረት የሌለበትን መረጥኩ፣ ሰደፉን ደጋግሜ ዳበስኩት፣ ስም የለም፣ ጨርቅ የለም፣ ስንጥቅ የለም። ስወጣ ለቀልድ ያህል «ጋሽ አያሌው፣ አምስተኛው ከመጣ ይደውሉልኝ» አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

ወደ ሰፈራችን የሚወስደው መንገድ በሐይቁ ዳር ነው። ማንገቻውን ፈትቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ፣ ጠመንጃውን በሸራ ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ቅጭል የሚል ነገር ጭራሽ የለኝም። ግን ጥቂት እንደ ሄድኩ ከኋላዬ ቅጭል፣ ቅጭል ማለት ጀመረ፣ ስቆም ይቆማል፣ ስራመድ ይራመዳል። ዞር ብል ከጭጋግ በቀር የሚታይ የለም። ፈራሁ፣ ምን ልዋሽህ፣ ከልጅነቴ ወዲህ ቀርቼው የማላውቀውን የቁርኣን አንቀጽ፣ አየተል ኩርሲን፣ እየተንተባተብኩ ቤት ደረስኩ። ድምፁ የግቢያችን አጥር ጋ ሲደርስ ተወኝ።

በኛ አገር ጠመንጃ የያዘ ሰው ስሙን ሚስማር አግሎ ሰደፉ ላይ ይጽፋል፣ ቢጠፋ፣ ቢሰረቅ፣ ሌላም ነገር ቢመጣ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ። ያሲን መቅዘፊያው ላይ እንኳ ጽፏል። ስለዚህ ጠመንጃውን ስሰጠው መጀመሪያ ያልኩት «እንዳትጽፍበት» ነው።

«ለምን?» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው የበደልኩት። ያየሁትን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፣ ግን ስንት ዓመት በእማ የሳቅሁት እኔ፣ ጂን የለም እያልኩ ያሳደግሁት እኔ፣ ምን ብዬ እጀምራለሁ? «በኋላ ስትሸጠው ዋጋው ይወርዳል» አልኩት።

«አይ ወንድምጋሼ፣ ዐረብ አገር ነጋዴ አድርጎህ ተመለስክ» ብሎ ሳቀብኝ።

መግሪብ ልሰግድ መስጊድ ሄጄ ስመለስ ከቤታችን የተቃጠለ እንጨት ሽታ መጣ። በሩን በርግጄ ስገባ ያሲን ምድጃው አጠገብ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በጉጠት የያዘውን የጋለ ሚስማር ሰደፉ ላይ ያስኬዳል።

«ተው!» ብዬ ጮህኩ።

ደነገጠ፣ እጁ ተንሸራተተ፣ ጢሱ ቡልቅ አለ።

«አስደነገጥከኝ እኮ! እየው፣ አበላሸኸው» አለኝ። አየሁት። የመጨረሻው ፊደል እግር እስከ እንጨቱ ጠርዝ ድረስ ጠማማ መስመር ሠርቷል፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ያየሁት መስመር ነው፣ በገዛ ጩኸቴ ያሠመርኩት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜም አልነገርኩትም። የቀረው ሻሹ ነው አልኩ በልቤ፣ ሻሹ ከሌለ ጠመንጃው ያ ጠመንጃ አይሆንም። እማ ላሟን ልታልብ ስትወጣ ሻሹን ከሳጥኗ አወጣሁና ሳልዘረጋው ጠቅልዬ እሳት ውስጥ ከተትኩት፣ አመድ እስኪሆን ድረስ አጠገቡ ቆምኩ። በማግስቱ ስትፈልገው «ገመድ ላይ ነበር፣ ነፋስ ወስዶት ይሆናል» አልኳት። አላመነችኝም፣ ግን ልጅ የምትሸኝ እናት ስለ ሻሽ አትከራከርም።

ያሲን ሲነሳ ጠመንጃውን ተቀብዬ አገላበጥኩት፣ ጨርቅ የለበትም። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ወንድሜን ወደ ጦርነት እየሸኘሁ ደስ አለኝ። አቀፈኝና «አብሽር ወንድምጋሼ፣ ኢንሻአላህ እመጣለሁ» አለኝ። ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ወደ ጭጋጉ ሲገባ የማንገቻው ቀለበት ቅጭል፣ ቅጭል ይል ነበር፣ ከሐይቁ ዳር የተከተለኝ ድምፅ ነው፣ ያው ራሱ። ሮጬ ልመልሰው አሰብኩ። አልሮጥኩም።

ጦርነቱ በላያችን አለፈ፣ እኛም ተሰደን ተመለስን። አብረውት ከወጡት አንዳንዶቹ በእግራቸው መጡ፣ የአንዳንዶቹ መርዶ መጣ፣ የያሲን ግን ይህም ያም አልመጣም። ጓደኞቹ «ተራራው ላይ ጭጋግ ወረደብን፣ ከዚያ ወዲያ አላየነውም» ይላሉ። እማ ለቅሶ እንድንቀመጥ አልፈቀደችም፣ ማታ ማታ በሩን ሳትቀረቅር ትተኛለች።

አንድ ቀን የሽሮ አተር እየለቀመች ሳለ፣ እኔን ልታጽናና ነው መሰለኝ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«አብሽር ልጄ፣ ባዶውን አልሄደም። ሊሄድ ዋዜማ አመሻሹ ላይ፣ አንተ መስጊድ ሳለህ፣ ሻሼን ኸጫፉ ቀድጄለታለሁ። ዱዓ አድርጌበት ሦስቴ ቋጠርኩና ‹ተራራው ላይ ስትደርስ ኸጠመንጃህ እሠረው› ብዬ ኪሱ ከተትኩለት። ወንድምህ እንዳያይህ፣ ይስቅብናል አልኩት።»

ወጥቼ እስኪመሽ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ይስቅብናል። ይህ ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው ሐሙስ አመሻሹ ላይ ስልኬ ስለ ጮኸ ነው። ጋሽ አያሌው ናቸው፣ ድምፃቸው ደክሟል፣ ከዚያ ክረምት ወዲህ ተደዋውለን አናውቅም።

«ሰይድ ልጄ» አሉኝ፣ «ያን ጊዜ ያልኸኝ ነገር አለ። ሱቁን ከፍቼ ስገባ ግድግዳው ሥር ቆሞ አገኘሁት። ማን እንዳመጣው አላውቅም፣ ቁልፉ ኸኔ ዘንድ ነው። እርጥብ ነው። እኔ አልነካሁትም። ና እየው።»

«ጨርቅ አለበት?» አልኳቸው።

ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል፣ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይነሳም፣ እስከ ዛሬም አይነሳም። ሱቁ ደግሞ ከቤታችን የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም፣ ሄጄ ሰደፉን ባገላብጥ ወንድሜ ይኑር ይሙት ዛሬውኑ አውቃለሁ። አልሄድኩም።

ስልኩን አስቀምጬ ዞር ስል እማ አጠገቤ ቆማለች።

«ማን ነው?» አለችኝ።

«የተሳሳተ ቁጥር ነው እማ» አልኳት፣ አሁንም ዋሸኋት።

ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ በሐይቁ በኩል፣ ከመንገዱ ላይ፣ ቅጭል አለ። ቆም አለ። ደግሞ ቅጭል አለ፣ ቀረብ ብሎ። ለእኔ ብቻ የሚሰማኝ መስሎኝ ነበር፣ ግን የእማን ፊት ሳየው በርቷል፣ እንዲያ ሲበራ ካየሁት ስንት ጊዜው።

«ስማ፣ ስማ! ጠመንጃውን እንዳነገተ ነው» አለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ተነስ እንጂ ሰይድ፣ ለወንድምህ በር ክፈትለት።»

ድምፁ አጥራችን ጋ ደርሶ ቆመ። እኔ ከተቀመጥኩበት መነሳት አቃተኝ፣ እሷ ግን እየሳቀች ወደ በሩ ሄደች።