ማሳረጊያው ቤት

«ይኸኛው ከወንዙ ማዶ ነው፤ እዚያ ድረስ አንሄድም። ቀጥይ» አለች ታቢ፣ ጣቷን ከላፕቶፑ ላይ ሳታነሳ።

ኮራ አልቀጠለችም። እርሳሱን እንደያዘች ስክሪኑ ላይ ፈዝዛ ቀርታለች። ታቢ ቀዩን ነጥብ ስትነካው የወጣው የአንድ ሰውዬ ፎቶ ገና አልጠፋም። ጢሙን ሽበት ወርሮታል፣ ከዓይኖቹ ሥር ቆዳው ተንጠልጥሏል። ከፎቶው በታች ቁመት፣ ክብደት፣ አድራሻ ተጽፏል። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ፦ «በሰውነቱ ላይ ያለ ምልክት፦ በግራ ክንዱ ላይ የዓሣ ንቅሳት።»

ያን ዓሣ ታውቀዋለች። እጁን ጨበጥ ፈታ ሲያደርግ ዓሣው አፉን የሚከፍት ይመስላል። ትንሽ ልጅ ሳለች ብስኩት ላጉርሰው እያለች የሰውየውን ክንድ በፍርፋሪ ትሞላው ነበር።

መዝገቡ ሃርላን ይለዋል። ቤት ውስጥ ግን በዚህ ስም የጠራው ሰው የለም። ለሁሉም ስኪፕ ነው፤ ለእሷ አጎት ስኪፕ። የአባቱ ስም የአያቷ የፊተኛ ባል ስም ስለሆነ ታቢ ብታነበውም ምንም አይነግራትም፤ እነ ታቢ መንገዱ ላይ የመጡት እሱ ከሄደ በኋላ ስለሆነ ፊቱንም አታውቀውም።

«አንቺ ልጅ፣ ተኛሽ እንዴ?» ታቢ በክርኗ ጎሸመቻት። «ፊቱ ደበረሽ? እኔም ደብሮኛል። በቃ ዘጋሁት።»

በአዮዋ ግዛት፣ በዴ ሞይን ከተማ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ከረሜላ የሚለምኑት በሃሎዊን በዓል ዕለት ሳይሆን በዋዜማው ነው፤ የለማኞች ማታ ይሉታል። በነፃ የሚሰጥ ከረሜላ ደግሞ የለም። በሩ ሲከፈት ልጁ ቀልድ መናገር አለበት፤ አሳቀም አላሳቀም፣ ተናግሮ ነው የሚቀበለው። በእነ ኮራ መንገድ ታዲያ አንድ ሌላ ልማድ አለ። ከዚያ ማታ በፊት ባለው ሳምንት እናቶቹ በሕፃናትና በሴቶች ላይ የወሲብ ጥቃት አድርሰው የተፈረደባቸው ሰዎች የሚመዘገቡበትን የሕዝብ መዝገብ ይከፍታሉ። የመንገዱን ስም ሲጽፉለት መዝገቡ በአካባቢው ካርታ ላይ ቀይ ነጥብ ያወጣል፤ ነጥቡ ያለበት ቤት ከልጆቹ መንገድ ይሰረዛል። ዘንድሮ ሥራው ለኮራና ለታቢ ተሰጥቷቸዋል። ዐሥራ አራት ዓመት የሞላው ሰው ከረሜላ ሲለምን ያሳፍራል፤ ትንንሾቹን ይዞ መዞር ግን የትልቅ ሰው ወግ ነው።

ይህን ልማድ መንገዱ ላይ ያመጡት የኮራ አያት ወይዘሮ ሎይስ ናቸው። ሥጋታም ናቸው። ልጅ ብቻውን ሱቅ ሲሄድ ካዩ እስኪመለስ ከመስኮት አይነሱም። ዙሩም የሚያበቃው እሳቸው ቤት ነው። ልጆቹ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይገባሉ፣ ትኩስ የፖም ጭማቂ በዶናት ይጠጣሉ። ድሮ አጎት ስኪፕ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የቀልድ ዳኛ ይሆን ነበር፤ ያሳቀውን ልጅ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ሳሎኑን ያዞረዋል። ከዚያ ለሥራ ቴክሳስ ሄደ ተባለ። ባለፈው እሁድ ደግሞ አያቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስኪፕ ተመልሷል፣ ለለማኞች ማታ ይመጣል አሏት። ኮራ በደስታ ዘላ አቀፈቻቸው። ሰኞ ዕለት ለታቢ ያልነገረቻት ነገር አልነበረም።

ታቢም አልረሳችም። «ማሳረጊያው ያው እናንተ ቤት ነው አይደል? አጎትሽ ይዳኝ በናትሽ። ፔኒ ከሰኞ ጀምራ ስትለማመድ ጆሮዬን በልታዋለች።»

ስሟን የሰማችው ፔኒ ከሳሎን እየሮጠች መጣች። አምስት ዓመቷ ነው፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል።

«ኮራ፣ ኮራ፣ አጽም ምሳ ለምን አይቋጥርም?»

«ለምን?»

«ስለጠገበ!»

«ሆድ ስለሌለው ነው አንቺ ደደብ» አለች ታቢ።

«ሆድ ከሌለው እንዴት ጠገበ?» አለች ፔኒ፤ እውነቷን ነው የጠየቀችው። ከዚያ ወደ ኮራ ዞራ፣ ያ የቴክሳሱ ሰውዬ ያሸነፈውን ልጅ እውነት ይሸከማል ወይ አለቻት።

ኮራ ራሴን አመመኝ ብላ ተነሣች። ውሸትም አልነበረም።

ከእናቷና ከአያቷ ጋር የምትኖርበት ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው። ቀጥ ብላ አልገባችም። የአውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀምጣ መዝገቡን በስልኳ ከፈተችው። ሌላ ሰው ቢሆንስ? ዓሣ የተነቀሰ ሰው ሞልቷል። ፎቶውን አሰፋችው። ግራ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ የበረዶ መጥረጊያ እጀታ መትቶት የቀረችውን፣ አገኘቻት። ከዚያ ወዲህ ተስፋ የምታደርግበት ነገር አልቀራትም። ወደ ታች ወረደች። ተጎጂዋ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በታች የሆነች ልጅ፣ ይላል። ስሟ የለም። የተፈረደበት ዓመተ ምሕረት ግን አለ፤ ኮራ አንደኛ ክፍል የገባችበት ዓመት ነው። አጎት ስኪፕ ቴክሳስ የሄደበት ዓመት።

ጆሲም የሄደችው ያን ጊዜ ነው።

ጆሲ የምትኖረው ከእነሱ ቤት ቀጥሎ ባለው ቤት ነበር። አጥሩ ሥር ባለው ቀዳዳ እየሾለኩ አብረው ሲጫወቱ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን እናትና አባቷ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ፤ ጆሲ ከመኪናው መስኮት እጇን እንኳ አላወዛወዘችም። ኮራ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ተቀየመቻት። «ደህና ሁኚ እንኳ ያላለችኝ ጆሲ» እያለች ነበር ያደገችው። ሌላ ልጅ ሲያኮርፋትም፣ እንደ ጆሲ ናት፣ ትል ነበር። አሁን ያ ሁሉ ቂም ተገልብጦ ደረቷ ላይ ወደቀባት። የምታለቅስ መስሏት ነበር፤ እንባው አልመጣም። አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፣ ነጂው በሩን ከፍቶ ጠበቃት፤ ራሷን ስትነቀንቅ ዘግቶ ሄደ።

አያቷ ሳሎን ውስጥ የመስኮቱን ዙሪያ በስስ ላስቲክ እየሸፈኑ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ሁሌም እንዲህ ያደርጋሉ፤ ላስቲኩን ለጥፈው በፀጉር ማድረቂያ ያሞቁትና ይወጠራል፣ ነፋስ አያስገባም። ኮራ ስልኩን ፊታቸው ዘረጋችላቸው።

ወይዘሮ ሎይስ ማድረቂያውን አጠፉ። መነጽራቸውን አላደረጉም። ማድረግ አላስፈለጋቸውም።

«ማን አሳየሽ?»

«እማማ፣ ጆሲ ናት?»

አያቷ የላስቲኩን ጠርዝ በጥፍራቸው ይጫኑ ጀመር፤ የተለጠፈውን ደግመው ደጋግመው። ኮራ ያን ጊዜ ገባት። ቀጥሎ የተናገሩትን ሁሉ ከሩቅ ሆና እንደምትሰማ ሰማችው። ቴክሳስ የሚባል ነገር አልነበረም። እስር ቤቱ እዚሁ አዮዋ ውስጥ ነው፤ አያቷ ለቤተ ክርስቲያን ብርድ ልብስ ልንሰፋ ነው እያሉ የሚሄዱት እሱን ሊጠይቁ ነበር። ልጅ ምን ይባላል፣ ምን ተብሎ ይነገራል፣ ሆድ ይፍጀው ብለን ነው አሉ። ቅጣቱን ጨርሷል። ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ከጎማ ቤቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ብቻውን ይኖራል፤ ሰላም የሚለው ሰው የለም።

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ልጄ። አንዱን መርጬ አልወለድኩም። ምን ላድርገው? የት ልጣለው?»

«ይጣሉት አላልኩም። ለምን በለማኞች ማታ?»

«እሱ ነው የለመነኝ» አሉ አያቷ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «‹እማዬ፣ አንድ ማታ ብቻ እንደ ድሮው የልጆቹን ሳቅ ልስማ› አለኝ። እንደዚያ ብሎ ሲያለቅስ ምን ብዬ እምቢ ልበለው? እኔ አጠገቡ ነኝ። ዓይኔን ከሱ አልነቅልም።»

አያቷ በዚህ ቃል ውስጥ የሰሙት የልጃቸውን ብቸኝነት ነው። ኮራ ግን ሌላ ነገር ሰማች፤ የፔኒ ወላቃ ጥርስ ዓይኗ ላይ መጣባት።

«ያን ጊዜስ አጠገቡ አልነበሩም?»

ይህን ስትል ክፉ ልትሆን ፈልጋ አልነበረም። አያቷ ግን በጥፊ እንደተመታ ሰው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ወጥ እየሠራሁ ነበር አሉ፤ እነሱ ግቢ ውስጥ ነበሩ፣ እኔ ወጥ እየሠራሁ ነበር። ከዚያ ወዲያ መዝገቡን በየዓመቱ የሚከፍቱት፣ ልጅ ባለፈ ባገደመ ቁጥር መስኮት ላይ የሚቆሙት፣ ለምን እንደሆነ ኮራ አልጠየቀችም። የከተማውን ነጥብ ሁሉ በጣታቸው እየነኩ ሲቆጥሩ ኖረው፣ የገዛ ልጃቸው ነጥብ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ዘለለው።

«ለታቢ እንዳትነግሪያት» አሉ ወይዘሮ ሎይስ። «ከነገርሻት እዚህ መንገድ ላይ መኖራችን አበቃ። በራችን ላይ ይጽፉብናል፤ አንቺንም ትምህርት ቤት ቀና ብለሽ አያስሄዱሽም። ላንቺ ብዬ ነው የኔ ልጅ።»

ያ እንደሚሆን ኮራም ታውቃለች። አምና አንድ ልጅ አባቱ መዝገቡ ላይ እንዳለ ተሰማና ትምህርት ቤት መጽሐፉን በሚቆልፍበት ሣጥን ላይ ቀይ ነጥብ በቀለም ቀቡበት። ኮራ አልቀባችም፤ ሲስቁ ግን አብራ ስቃለች። ልጁ ከገና በኋላ አልተመለሰም።

ወደ እናቷ ደወለች። እናቷ የጭነት መኪና ነጂ ናት፣ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው የምትውለው የምታድረው። ኮራ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። እናቷ፣ እንዳታስመጪው ብያት ነበር አለች። ዓርብ እገባለሁ፣ እኔ እስክመጣ ለማንም ምንም እንዳትናገሪ አለች። የለማኞች ማታ ሐሙስ ነው። ኮራ ይህን ስታስታውሳት እናቷ፣ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ አለች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታቢ መልእክት ልካላት አገኘች። የመንገዱን ካርታ በከለር ሥላዋለች፤ በመጨረሻው ቤት ላይ ዘውድ ያደረገ ሰውዬ ተቀምጧል። «ዳኛው!!!» ይላል ከሥሩ። «ፔኒ ሥጦታ ካልሰጠሁት እያለች ነው፣ አምባር እየሠራችለት ነው፣ ጉድ ናት እኮ።»

ኮራ ወደ አያቷ ሄደች። ወይዘሮ ሎይስ ትናንት ከተዉት መስኮት ፊት ተቀምጠዋል። ላስቲኩ በአንድ ወገን ተልጦ ነፋሱ እፍ እፍ ያደርገዋል።

«እማማ፣ ማክሰኞ ዕለት ቢጋብዙት፣ እሁድም ቢሆን፣ እኔ ምንም አልልም። ወጥም አብሬ እሠራለሁ። ልጆቹ ባሉበት ግን አይሆንም። ደውለው እንዳይመጣ ይንገሩት።»

«አልችልም» አሉ አያቷ። «ጠዋት ሞክሬ ነበር። ድምፁን ስሰማ አልቻልኩም።»

«እንግዲያው እኔ ለታቢ እናት ልነግራቸው ነው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ ብዬ ነው።»

አልጮኹባትም። ይጮኻሉ ብላ ራሷን አዘጋጅታ ነበር። ድምፅ የሌለው እንባ በጉንጫቸው መጨማደድ ውስጥ መንገድ እየፈለገ ወረደ። ኮራም ያኔ አለቀሰች፤ ለጆሲ፣ ለእማማ፣ ብስኩት ታጎርሰው ለነበረው ሰው፣ ለየትኛው እንደሆነ ሳታውቅ። እንዲያቅፏት ፈለገች። አላቀፏትም። ተነሥተው ወደ መተላለፊያው ሄዱ፤ ጃኬቷን ይዘው ተመለሱ።

«ብርድ ነው» አሉ።

እጅጌውን ይዘው አለበሷት፤ ዚፑን እስከ አገጯ ድረስ ዘጉላት። ሂጂም አላሉ፣ ቅሪም አላሉ። በሩን ስትከፍት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

መንገዱን ስትሻገር ወደ ኋላ አላየችም። አያቷ መስኮቱ ላይ ቆመው እንደሚያይዋት ታውቃለች፤ ልጅ መንገድ ሲሻገር ሳያዩ አያድሩም።

የከፈተችላት ታቢ ናት። ጣቶቿ ቀለም በቀለም ሆነዋል። ከኋላዋ ፔኒ ዶቃ በክር እያስገባች ምንጣፉ ላይ ተዘርግታለች።

«መጣሽ! ካርታውን አየሽው? በጣም አሪፍ አይደለም?» አለች ታቢ፤ ከዚያ ፊቷን አየችው። «ምን ሆነሻል?»

«እናትሽን ጥሪልኝ» አለች ኮራ። «ፔኒን ግን ፎቅ ላይ አድርሻት።»