የተንሸራተተው ገጽ

«ከመቶ ዘጠና ስምንት!» እታበባ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሣች። «ሰማችሁ? ዘጠና ስምንት! ኑ እስቲ፣ ኑ እዩልኝ!»

ሚጢጢ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። የያዘችውን ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሮጠች። በረኛው ከኋላዋ ተከተለ፤ እሱ ግን አልሮጠም። ጥርሱን ሊያስነቅል እንደሚሄድ ሰው እግሩን እየጎተተ ነው የመጣው።

እታበባ የሚጢጢ ታላቅ እህት ናት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሦስተኛ ዲግሪዋ ጥናት ስትሠራ ሁለት ዓመት አልፏታል። በረኛው ደግሞ የአክስታቸው ልጅ ነው፤ እዚያው ግቢ፣ ከእነሱ ቤት ጀርባ ይኖራል። ስም ሳይወጣለት ቀርቶ አይደለም፤ የሰፈሩን ቡድን ጎል መጠበቅ ከጀመረ ወዲህ የገዛ እናቱ እንኳ በስሙ መጥራት ትታለች።

የእታበባ ጥናት ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት አለ። ግዢው፣ መጋዘኑ፣ ሽያጩ፣ ደሞዙ፣ ሁሉም የሚሠራው በአንድ ሲስተም ነው። ሲስተሙ ሲያስቸግራቸው ሠራተኞቹ አቤቱታ ይጽፋሉ። አቤቱታው ይከመራል፤ ሲስተሙን የሚያስተካክሉት ባለሙያዎች የቱን አስቀድመው እንደሚያዩ ግራ ይገባቸዋል። እታበባ አቤቱታዎቹን በየዓይነታቸው ለይቶ ለሚመለከተው ሰው የሚያደርስ ፕሮግራም እየሠራች ነው። ፕሮግራሙ ግን መጀመሪያ ከሰው መማር አለበት። ስለዚህ ሁለት ሰዎች፣ ማለትም ሚጢጢና በረኛው፣ ለየብቻቸው እያንዳንዱን አቤቱታ አንብበው ቀለም ይሰጡታል፤ ሲስተሙ ከዘገየ ሰማያዊ፣ አላስገባ ካለ አረንጓዴ፣ የተሳሳተ ቁጥር ካወጣ ቀይ፣ ሰውየው አሠራሩን ካላወቀው ቢጫ። ሁለቱ ሳይመካከሩ ከተስማሙ፣ ልየታው እምነት ይጣልበታል።

ሳይመካከሩ! ይቺን ቃል እታበባ ስንት ጊዜ ደጋገመቻት። «አንዳችሁ የሌላውን ካያችሁ ልፋቴ ሁሉ አፈር በላ ማለት ነው» ብላቸው ነበር። ሁለቱም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ እየተሳሳቁ ቃል ገብተዋል።

«አማካሪዬ ከመቶ ሰባ አምስቱ ላይ ከተስማሙ ይበቃሻል ብሎኝ ነበር» አለች እታበባ፤ ሁለቱንም አንገታቸውን አቅፋ ወደ ስክሪኑ እየሳበች። «ጽሑፉ ለዓመታዊው ጉባኤ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መላክ አለበት። ካለፈ የከርሞ ሰው ነኝ። እናንተ ልጆች ግን… ምን ላድርጋችሁ? ምን ልግዛላችሁ?»

«ኧረ ምንም» አለ በረኛው በፍጥነት።

«ደግሞ ይቺን ገጽ እዩልኝ። እዚህ ጋ ጉድ ነው የሠራችሁኝ። ‹ዛሬም አላስገባኝም፣ ተቆልፎብኛል› ይላል ሰውየው። እኔ ብሆን አረንጓዴ ነበር የምሰጠው። እናንተ ሁለታችሁም ሰማያዊ! ቀጥሎ ያለው ደግሞ ‹እየተንቀረፈፈ አስቸገረን› ይላል፤ ሁለታችሁም አረንጓዴ! መጀመሪያ ስህተት መስሎኝ ነበር። ግን ሁለት ሰው ሳይነጋገር እንዴት አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል? ለካስ ለተጠቃሚው መዘግየትና መቆለፍ አንድ ነው! አንድ ሙሉ አንቀጽ ጻፍኩበት።»

ሚጢጢ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

ያን ገጽ አስታወሰችው። ፈተና ደርሶባት፣ ስታጠና ውላ ዓይኗ እየተከደነ የሠራችው ነው። አቤቱታውን ታነባለች፣ የቀለሙን ቁልፍ ትጫናለች፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ወደሚቀጥለው ረድፍ ይወርዳል። አንዱን ሰማያዊ ሁለቴ ተጭናው ኖሯል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቀለም አንድ አንድ ረድፍ ወደ ታች ተንሸራቶ፣ እስከ ገጹ መጨረሻ የአንዱ ለሌላው ተሰጥቷል። እስከ ዛሬ ልብ አላለችውም።

ስህተቱ የሷ ነው። የሷ ብቻ።

ቀስ ብላ ወደ በረኛው ዞረች። በረኛው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

*

ከቤቱ ጀርባ የውሃ ማጠራቀሚያው ጥላ ሥር ያዘችው።

«ከኔ ላይ ገልብጠሃል።»

«ምኑን?»

«አታድርቀኝ። ፋይሌን ከፍተሃል።»

«አታካብጂ ባክሽ! ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሐሳብ ሊኖረው አይችልም?»

«ሐሳብማ ይችላል። እዚያ ገጽ ላይ ግን እኔ እንቅልፍ ይዞኝ አንዱን ቁልፍ ሁለቴ ተጭኜ ነው። አንተም እዚያው ረድፍ ላይ ስትደርስ እንቅልፍ ያዘህ?»

በረኛው ጀርባውን ወደ ማጠራቀሚያው አስደገፈ።

«ነቃሽብኝ» አለ። «እንዳይነቃብኝ ብዬ እኮ ጥቂቱን ቀያይሬው ነበር።»

«ደግ አደረግህ! ባትቀይረው መቶ ከመቶ ይሆንና እታበባ በደስታ ትሞትብን ነበር።» ሚጢጢ አንድ እርምጃ ተጠጋችው። «ለምን ግን? ኳስ በልጦብህ ነው?»

በረኛው አንድ ጠጠር ሊመታ እግሩን ሰነዘረ። ጠጠሩን ስቶት አቧራውን ነው ያቦነነው።

«አይታየኝም» አለ።

«ምኑ?»

«ፊደሉ። ስክሪኑ ላይ ያለው። ጉንዳን እንደሚርመሰመስ ነው የሚሆንብኝ። መጀመሪያ ሞከርኩ፣ ሙች ሞከርኩ። ራሴን አመመኝ። ከዚያ ያንቺን ስከፍተው ቀለሙ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ቀለም ለማየት ማንበብ አያስፈልግማ።»

ሚጢጢ አላመነችውም። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ግድግዳ አሳየችው። «እዚያ ላይ ምን ይላል?»

በረኛው ዓይኑን አጠበበ። «‹መኪና ማቆም ክልክል ነው።›»

«‹ቤት ይከራያል› ነው የሚለው።»

«ግድግዳ ሁሉ ላይ የሚጻፈው ያ ነዋ፣ ምን ላድርግ!»

ሳቋ መጣባትና ዋጠችው። «ታዲያ ባለፈው በእግሮችህ መሃል የገባብህ ኳስ…»

«ሁለት ሆኖ ነው የመጣው» አለ በረኛው አንገቱን ደፍቶ። «አንዱን ያዝኩ። ያልሆነውን።»

አንጀቷን በላው። «ለምን ለአክስቴ አልነገርካትም?»

«ልንገራትና? መነጽር ያደረገ በረኛ አይተሽ ታውቂያለሽ? አሠልጣኙ ከሰማ በዚያው ቀን ነው የሚያሰናብተኝ።» ጠጋ አላት፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ አሁንም ይቻላል። እታበባ ለምሳ ስትነሣ እገባና የኔን ትንሽ አዘባርቀዋለሁ። ሰማንያ ላይ ይወርዳል። የአንቺንም ገጽ እናስተካክለዋለን። ሰባ አምስት ይበቃል ተብላለች አይደል? እሷም ትልካለች፣ እኔም እተርፋለሁ። ማን ይጎዳል?»

ክፋቱ፣ ነገሩ ሲያዩት ያምራል። እታበባ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቷ እንደ ዛሬ ፈክቶ አያውቅም። ሚጢጢ አንዲት ቃል ባትናገር፣ ያ ፊት እንደፈካ ይቆያል። በረኛውም ጎሉ ላይ ይቆያል።

ማን ይጎዳል? እዚያች ገጽ ላይ የነበረ አንድ አቤቱታ ትዝ አላት። «ኮምፒውተሩ መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ አለ ይለናል፣ መጋዘኑ ግን ባዶ ነው። ይህን ስጽፍ ሦስተኛዬ ነው። እባካችሁ፣ የሚያነበው ሰው አለ?» ይላል። ሚጢጢ አንብባው ቀይ ልትሰጠው ቁልፉን ተጭና ነበር። በተንሸራተተው ገጽ ላይ ግን ለዚያ ሰው የደረሰው የሌላ ሰው ቀለም ነው። በረኛው ደግሞ ጭራሽ አላነበበውም።

«እንዳትነካው» አለችው።

«ሚጢጢ ሙች፣ አታስበይኝ…»

«ፋይሉን እንዳትነካው ነው ያልኩህ። ስላንተ አልናገርም። ስለኔ ግን እናገራለሁ።»

«ስላንቺ ከተናገርሽ ስለኔም ተናገርሽ ማለት ነው!»

ይህን እሷም አላጣችውም። ትታው ወደ ቤት ገባች።

*

እታበባ ለምሳም አልተነሣችም። ዘጠኝ ሰዓት ሲል የመጨረሻዎቹን መስመሮች እያነበነበች ታርማለች። ሚጢጢ በሩ ላይ ቆመች፤ ፎጣው አሁንም ትከሻዋ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ገብታ ሁለት ጊዜ ወጣች። አንዴ ውሃ ልጠጣ አለች፤ አንዴ ደግሞ ምንም ሳትል ተመለሰች።

«ምን ሆነሻል? እንደ ድመት ገባ ወጣ የምትይው?» አለች እታበባ ዞር ሳትል።

«እታበባ… አንቀጹን አውጪው።»

«የቱን አንቀጽ?»

«ስለ መዘግየትና መቆለፍ የጻፍሽውን። አንድ አይደሉም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ቁልፉን ሁለቴ ተጭኜ ቀለሙ ሁሉ ወደ ታች ተንሸራቶብኝ ነው።»

እታበባ ገጹን ከፈተች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ከላይ ወደ ታች ወረደች፤ እያንዳንዱን ቀለም ከበላዩ ካለው አቤቱታ ጋር እያስተያየች። መሃል ላይ ጣቷ ቆመ። አንድ ነገር እየገባት ሲሄድ ፊቷ ሲጠቁር ሚጢጢ አየች።

«አንቺስ ተሳሳትሽ፣ እሺ» አለች እታበባ ቀስ ብላ። «እሱስ?»

ሚጢጢ ፎጣውን ከትከሻዋ አውርዳ ጨበጠችው። «እሱን… ራሱን ጠይቂው።»

«ገልብጬ ነው።»

በረኛው በሩ ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ ማንም አላየውም። «ፊደሉ አይታየኝም፣ እታበባ። አሠልጣኙ እንዳያባርረኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ቀለሙን ብቻ እያየሁ ከሷ ገለበጥኩ። እሷ አታውቅም ነበር፣ ዛሬ ነው የነቃችው።»

«ውጡልኝ» አለች እታበባ። አልጮኸችም።

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። በሩ ገርበብ ስላለ የእታበባ የስልክ ድምፅ ይሰማል። «አዎ፣ ፕሮፌሰር… አይ፣ አልልከውም… ቁጥሩ እውነተኛ አይደለም… አውቃለሁ፣ ከርሞ ነው… የልጆቹ ብቻ አይደለም፤ እኔም መጠርጠር ሲገባኝ ደስ ብሎኝ አለፍኩት… እሺ። እሺ። አመሰግናለሁ።» ከዚያ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ።

«ምነው በጮኸችብን» አለ በረኛው በሹክሹክታ።

«ዝም በል።»

«ምነው በጥፊ ባጠናገረችኝ።»

«ዝም በል አልኩህ እኮ!»

በሩ ሲከፈት የእታበባ ዓይን ቀልቷል። ሚጢጢን አላየቻትም፤ እሱን ነው ያየችው።

«ዛሬውኑ ለእናትህ ትነግራታለህ። አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ። ስለ አሠልጣኙ ደግሞ ሐኪም ዓይንህን ካየው በኋላ እንነጋገራለን። አሁን ና፣ ተቀመጥ።»

ወንበሯን ለቀቀችለት። አንድ አቤቱታ ከፍታ ፊደሉን ማሳደግ ጀመረች።

«አሁንስ?»

«ጉንዳን ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን… ጥንዚዛ ሆኗል።»

እታበባ አልሳቀችም፤ ከንፈሯ ግን በአንድ በኩል ትንሽ ነቅነቅ አለ። ጥቂት ቃላት ስክሪኑን እስኪሞሉት ድረስ አሳደገችው። በረኛው አንገቱን ወደፊት አስግጎ፣ እያንዳንዱን ቃል በአፉ እየለካ ማንበብ ያዘ። «እ… ባካችሁ… የሚያነበው… ሰው… አለ?» ቀና አለ። «ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?»

«እሱን እኮ ነው አንተ የምትነግረኝ» አለችው እታበባ።

ሚጢጢ የቤቱን አሮጌ ላፕቶፕ ከመደርደሪያው አወረደች። ወንበሯን እየጎተተች ወደ ክፍሉ ጥግ ወሰደች፤ ጀርባዋን ለሁለቱ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። ያን ገጽ ከፍታ ቀለሞቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው።

«ሚጢጢ» አለ ከኋላዋ በረኛው፣ «ይኼ ቀይ ነው ወይስ…» ብሎ ጀመረና ራሱ ተወው።

እሷም አልዞረችም። የመጀመሪያውን አቤቱታ እስከ መጨረሻው አነበበች። ቁልፉን አንዴ ተጫነች። ጣቷን አነሣች፤ ቀለሙ ቦታው ላይ ማረፉን አየች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ወረደች።