ያልደረቀው ሰንሰል

ሰንሰል ታውቃላችሁ? መጽሐፍ ነው፤ ግን አይሰፋም። አንድ ረጅም ወረቀት ወዲህ ወዲያ ይታጠፍና ሁለቱ ጫፎቹ ላይ የእንጨት ሽፋን ይለጠፋል። ሲዘረጋ ብቻውን ይቆማል፤ ገጽ መግለጥ የለም።

አንድ ወጣት እኛ ጋ የመጣውም ለዚሁ ነው። ቤት ቀለም ቀቢ ነው። እኔ የምሠራበት የአባዬ የመጽሐፍ ጥረዛ ሱቅ ሲገባ ሱሪው ላይ ሰባት ዓይነት ቀለም፣ እጁ ላይ የደብዳቤ ጥቅል።

«እናቴ እጇ አይታዘዝላትም» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «አባቴ በሕይወት እያለ የጻፈላት ነው። ራሷ እንድታነበው ነው የምፈልገው። እኔ ሳነብላት... አንዳንዱ ያሳፍረኛል።»

ሳቄ አመለጠኝ። ቀና ብሎ አብሮኝ ሳቀ። በቃ፣ እኔ እዛው አለቀልኝ።

ሦስት ሳምንት እሱ በትልልቅ ፊደል ሲገለብጥ፣ እኔ እጥፉን በለሰለሰ አጥንት እየተጫንኩ ሳስተካክል፣ የዱቄት ሙጫ ሳበስል ከረምን።

«ከጥፍርሽ ሙጫ አይጠፋም እንዴ?»

«መጀመሪያ ሱሪህን እጠብ!»

ሽፋኑን በለጠፍን ማግስት እየሮጠ መጣ።

«እናቴ ሆስፒታል ገባች፤ ቀዶ ሕክምናዋ ነገ ጠዋት ነው። ሐኪሙ... ላትነቃ ትችላለች አለኝ።»

አባዬ ሰንሰሉን የተጫነው ድንጋይ ላይ እጁን አሳረፈ። «ሦስት ቀን ሳይሞላው አይነሳም። ይጣመማል። ያልደረቀ ሥራ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

«አባዬ፣ እሳቸውስ ሦስት ቀን አላቸው?»

እጁን ከድንጋዩ ላይ አነሳ። ሰንሰሉን አወጣሁት።

ሆስፒታል ስንዘረጋው ወረቀቱ አብጧል፣ ሽፋኑ ተጣሟል። ስናቆመው ይወድቃል። ደግመን ስናቆመው ይወድቃል። የልጁ ፊት አመድ መሰለ። አንዱን ጫፍ አፈፍ አደረግኩ።

«ያንን ያዝ!»

ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመን ወጥረን ያዝንላቸው። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አነበቡ። አንዳንዱ ጋ ፈገግ፣ አንዳንዱ ጋ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆየት። ክንዴ ቢዝልም ጫፉን አልለቀቅኩም። ከማዶ እያየኝ ነው። እኔም ዓይኔን አልመለስኩም።

ሲጨርሱ «የቱ ነው ሲያሳፍርህ የነበረው?» አሉት።

«አራተኛው።»

«እሱማ ደህናው ነው!» ትንሽ አረፉና ወደኔ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ እጅሽ ዛለ። በል አንተ፣ ቤቷ አድርሳት። አትቸኩሉ።»

በማግስቱ ከቀዶ ሕክምናው አልነቁም።

ባነበቡበት ቀን ግን ከሆስፒታሉ በእግራችን ወጣን። የዛለ እጄን ያዘው። ታክሲ መጣ፣ አለፈ። ሌላም መጣ። አንዱንም አላስቆምንም።