ያልተኳልኩት ኩል

ጂን ነው፣ ዛር ነው ሲባል የምስቅ ሰው ነኝ፣ ወዳጄ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ሰዓቴን አያለሁ፣ ስለዚህ ይህንንም ለማመን አትቸኩል፣ እኔም አልቸኮልኩም።

የማስተምረው አሶሳ ነው። ይህ በሆነ ዕለት፣ ዓይኔን በሌዘር ልታከም፣ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ልበር ተዘጋጅቻለሁ። ኮንታክት ሌንሴን ከተውኩ ሳምንታት አልፈዋል፣ የዓይኔን ቆብ ደግሞ ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃ እጠርጋለሁ፤ ሐኪሟ «ቆቡ ካልጸዳ አልነካዎትም» ብላኛለች። የሰው ዓይናር ማየት ይቀፋል፣ የራስህ ሲሆንማ አይነገርም።

አመሻሽ ላይ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ መነጽሬን አውልቄ ቆቤን በጥጥ ስጠርግ፣ ከኋላዬ ልብስ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ያለ መነጽር የገዛ ጣቶቼ አይታዩኝም። አከራዬ መስለውኝ «ሐጃ፣ እስኪ ይጥረጉልኝ» አልኩ፣ ጥጡንም ዘረጋሁ። ቀዝቃዛ ጣት አገጬን ያዘ፣ ቀጭን ለስላሳ ነገር በቆቤ ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ግራውን፣ ከዚያም ቀኙን፣ በመሃል ደግሞ፣ እመነኝ፣ ምላስ የሆነ ነገር ሲልስ ይሰማኛል። አንገሸገሸኝ፤ ዝም ያልኩት ለጨዋነት ነው፣ ጨዋነት የማያስችለው ነገር የለም።

«እግዜር ይስጥልኝ» ስል የውጭው በር ተንኳኳ።

«ኡስታዝ! ዛሬ ገበያ እሳት ነው፣ ወላሂ!» ሐጃ ናቸው፣ ገና መግባታቸው ነው። ቀረብ ብለው ሳቁ። «ሙሽራ ሆነ አንተ! ኩል ማን አደረገ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!»

«እኔ? እኔ አሁን መጣ።»

መነጽሬን አጠለቅኩ። ከእኛ በቀር ማንም የለም። ጥጡ ከእጄ ሳይወጣ ነጭ እንደሆነ አለ፤ ቆቤን ብጠርግበት ግን ጥቁርና ዝልግልግ ሆነ። ሐጃ ተቀብለው አሸተቱት፣ ሳቃቸው ጠፋ፣ ወረወሩትና እጃቸውን በአፈር ፈተጉ።

«ኩል ጥሩ ነው፣ ሱና ነው። ይሄ ግን ምራቅ አለው» አሉ።

በሳሙና ባሽ አልለቅ አለ። በማግስቱ አዲስ አበባ ሐኪሟ መብራቷን አብርታ አየችኝ፣ «ተኩለው ይመጣሉ? በዚህ ዕድሜ?» ብላ መለሰችኝ።

ሌላ ቀጠሮ ተሰጥቶኛል። ለመታጠብ ግን መነጽር ማውለቅ አለብኝ፣ እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስተኛም አላወልቀውም። ጠዋት ስነቃ፣ የመነጽሬን መስታወት በዓይኔ በኩል፣ ከውስጥ፣ ተልሶ አገኘዋለሁ።