ከሰል የዘጋው ደጅ

ጀብሪል ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የመጣው ከተማ ሊመዝን ነው። ወሬው እንደተሰማ ገበያው ሁሉ ሳቀ። «ከተማ ደግሞ እንደ ጤፍ ይመዘናል እንዴ?» አሉ። እሱ ግን አልተቀየመም። ወደ ከተማዋ በሚያስገቡት መንገዶች ላይ ወጣቶችን ቀጥሮ አቆመና የሚገባውን የሚወጣውን ሁሉ ያስመዝን ጀመር፤ እህሉን፣ ማገዶውን፣ ውሃውን፣ ወደ ገደል የሚጣለውን ቆሻሻ ሳይቀር።

ፊርደውስ ከተቀጠሩት አንዷ ነበረች። ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ በማጣት ቤት ተቀምጣ ነበር። የደረሳት ከጫካው በኩል የሚመጣው መንገድ ነው፤ አህዮች ከሰልና እንጨት ተጭነው በጉም ውስጥ የሚወርዱበት።

አንድ ጠዋት ጀብሪል ሥራዋን ሊያይ ሲመጣ ጣቶቿ በብርድ ደንዝዘው ሚዛኑን መስቀል አቅቷት አገኛት። ጓንቱን አውልቆ ዘረጋላት።

«አንተስ?»

«እኔ ደሴ ነው ያደግሁት። ብርድ ያውቀኛል።»

«የኛ ብርድ ግን ገና አላወቀህም» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ ጠየቀችው። «ለመሆኑ ይሄን ሁሉ መዝነህ ምን ልታደርገው ነው?»

«ከተማ እንደ ሰው ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጥላል። የሚበላው አገሩ ከሚያበቅለው ከበለጠ ግን የራሱን ሥጋ መብላት ይጀምራል።» ወደ ተራራው አገጩን ቀሰረ። «ምንጫችሁ የሚነሳው ከዚያ ጫካ ሥር ነው። ጫካው በአህያ ተጭኖ ካለቀ ምንጩ በምን ይኖራል?»

ፊርደውስ ዓይኗን ወደ ሚዛኑ መለሰች። አብዛኛው ከሰል የሚራገፈው በአባቷ ግቢ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጀብሪል ሌሎቹን መንገዶች አዳርሶ መጨረሻ ላይ እሷ ጋ መምጣት ለመደ። ቆሎ ይዞ ይመጣል፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይቆረጥማሉ። ስትናገር ዓይኑን ያሸሻል፤ ዝም ስትል ይመልሰዋል። እሷም ይህን ስላወቀች ዝም ማለት ታበዛ ነበር።

ሆዷ አልችል ሲላት ነገረችው።

«ሙሐመድኑር አባቴ ነው። ባለ ከሰሉ።»

በእጁ የያዘውን ቆሎ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ሌላ ቦታ ታዛውረኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

«መለየት የፈራሽው ከሚዛኑ ነው ከእኔ?»

«ከሚዛኑ» አለች። ውሸቷን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ምዘናው አልቆ ውጤቱ ለከተማው ሕዝብ በስብሰባ ሊነገር ቀናት ሲቀሩት ጀብሪል ሽማግሌ ላከ። ሙሐመድኑር ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ልጁን ብቻውን ያሳደገ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብሎ ሸኘና ጀብሪልን ለብቻው አስጠራው። ፊርደውስ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ሰማች።

«ልጄን እሰጥሃለሁ፤ አላህ ይባርካችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። በስብሰባው ላይ የከሰሉን ነገር ቀለል አድርገው። መንገዱ ከተዘጋ እኔ አለቀልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ምን ልያዝ? እሷንም ያስተማርኳት በከሰል ነው።»

ጀብሪል አቀረቀረ። «እሺ፣ አባባ» አለ።

በማግስቱ ፊርደውስ ካረፈበት ቤት ደጅ ጠበቀችው።

«ልትቀይረው ነው?»

«አንቺን ከማጣ አንድ ቁጥር ይጥፋ። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ፤ በእጄ ነው የመዘንኩት።» በእጇ ወደ ወንዙ አመለከተች። «ጎረቤታችን የሻለም ባለፈው በጋ ምንጩ ሲጠፋ፣ ነፍሰ ጡር ሆና ጀሪካን ተሸክማ ከወንዝ ስትወጣ ወደቀች። ልጇ አልተረፈም። አስከሬኑን ያጠብነው እኛ ነን። ይሄን እያወቅሁ ውሸት ላይ ጎጆ አልወጣም፣ ወላሂ።»

«እውነቱን ከተናገርኩ አባትሽ አይሰጠኝም።»

«አውቃለሁ» አለች።

ጀብሪል በስብሰባው እውነቱን ተናገረ። ሙሐመድኑር ስብሰባው ሳያልቅ ተነስቶ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከጫካው የሚወርደው ከሰል ታገደ፤ የሙሐመድኑር ግቢም ባዶ ቀረ። «ደጄን የዘጋ ሰው ደጄን አይረግጥም!» ብሎ ማለ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ቢመጡም በሩን የከፈተላቸው የለም።

ወደ ደሴ ሊመለስ ሲል ጀብሪል መናኸሪያው ውስጥ የፊርደውስን እጅ ያዘ። «አብረን እንሂድ። ሲውል ሲያድር ይታረቁናል።»

«አባዬ ከእኔ ሌላ ማን አለው? እውነቱን ተናገር ያልኩህ እኔ ነኝ። ራሴ የጣልኩትን ጥዬው ልሂድ?»

ሊመልስላት ፈልጎ አፉን ከፈተ፤ ረዳቱ ግን «ደሴ! ደሴ!» እያለ በሩን ይደበድብ ነበር። አውቶቡሱ ከተማዋን ሲለቅ ፊርደውስ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ነበር።

መጀመሪያ አካባቢ ይደውልላት ነበር። በደወለ ቁጥር ታለቅሳለች፤ አባቷም ያለቀሰች ቀን እህል አይቀምስም። «ተወኝ፣ አግባ» አለችው በመጨረሻ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

ዓመታት አለፉ። ፊርደውስ አስተማሪ ሆነች። ጫካው ቀስ በቀስ አገገመ፤ ምንጩም በበጋ መጥፋቱን ተወ። ሙሐመድኑር የአልጋ ቁራኛ ሆነ። አልጋው በመስኮት በኩል ነበርና የምንጩን ውሃ ከቦኖው የሚቀዱትን ሴቶች ሳቅ ይሰማል። አንድ ከሰዓት ድንገት፦

«ልጁ ልክ ነበረ» አለ።

ፊርደውስ የያዘችውን ኩባያ አስቀመጠች።

«ትወጂው ነበር?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ጥሪልኝ። አፉ በለኝ ልበለው፤ ከዚያ ኒካሁን አስሬላችሁ ልሙት።»

ወደ ጓሮ ወጥታ ደወለች። ያነሳችው ሴት ናት። «ጀብሪል፣ ስልክ!» ስትል ከኋላዋ ሕፃን ያለቅስ ነበር።

«ፊርደውስ?» አለ፤ ገና ሳትናገር።

«አባዬ ታሟል። አፉ በለኝ ብሎሃል።»

«አፉ ብያለሁ። እኔም ተቀይሜያቸው አላውቅም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለዚህ ብቻ ነው የደወልሽው?»

የሕፃኑን ልቅሶ አዳመጠች።

«ለዚህ ነው። አላህ ያሳድግላችሁ።»

ፊቷን ታጥባ ገባች። አባቷ ከትራሱ ቀና ለማለት ይታገል ነበር።

«ምን አለ? ይመጣል?»

ትራሱን አስተካከለችለት፤ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ሳበችለት።

«አብሽር፣ አባዬ» አለችው። «መንገድ ላይ ነው።»