በገሱባ የተደፋው እንስራ

ማንም ሰው መጥቶ «የማይታይ ነገር ሰማሁ» ሲለኝ «ጆሮህን ታከም» ብዬ የምሸኝ ሴት ነኝ፣ ወላይታ ሶዶ ተወልጄ ያደግኩ የጉራጌ ልጅ፣ ከስፌት መኪናዬ ድምፅ ሌላ እንቅልፍ የነሳኝ ድምፅ ኖሮ አያውቅም፣ ይህንንም የማወራችሁ እትዬ ማርታን ስለማደንቃት እንጂ እንደዚህ ዓይነት ወሬ ወድጄ አይደለም፣ እመኑኝ።

እትዬ ማርታ ጎረቤቴ ናት። ገሱባ አጠገብ ከአቶ ባሳ ጋር ልጆች ወልዳ፣ ኩላ ድራ፣ ፀጉሯ እስኪሸብት ኖረች፣ ከዚያ ሰውየው ቤሌ ሄዶ ሌላ አገባና እዚያው ቀረ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ትዳሩ ፈረሰ። «ሌላ የምትጠይቂው አለ?» ቢሏት «የእንሰት ችግኞቼን» አለች፣ ሳቁ። እኛ አገር እንሰት የሴት እጅ ነው፣ ትልቁን ቆርጣ ጉቶውን በፍግ የምትቀብረው፣ ከዚያም ብዙ ችግኝ የምታወጣው እሷ ናት፣ እትዬ ማርታም የጠየቀቻቸው ችግኞች የሚወጡበትን ጉቶ የቀበረችው ከቤቱ ከመውጣቷ ትንሽ ቀደም ብላ ነበር።

ግን ልቧ አልቆረጠም ነበር። ወደ ሶዶ መጥታ ጎረቤቴ ሆነች፣ ወንድሟም ከተማው ዳር ጓሮ ሰጥቷት መሬቱን ሳትነካው ከረመች። «አንድ ጊዜ ብቻ ይጥራኝ፣ እመለሳለሁ» ትለኝ ነበር፣ እኔም በንዴት ብግን እል ነበር።

ዝናቡ ሲጀምር «ችግኙ ሊያልፍበት ነው፣ አብረሽኝ ነይ» አለችኝ፣ የቤቱንም ቁልፍ በዚያው ለባሏ ወንድም ልትመልስ ነው። ያ መንገድ አንጀታችንን ሲያናውጠው ቆይቶ፣ ስንደርስ ከሰዓት ሆኗል፣ ጓሮው ላይ ጉም ወርዷል፣ ቤቱ እንደተቆለፈ ነው። በጀርባ ዞረን ሥራ ጀመርን፣ እሷ ትነቅላለች፣ እኔ በእንሰት ቅጠል እጠቀልላለሁ።

መጀመሪያ ሳል ሰማሁ፣ የጎልማሳ ወንድ ሳል፣ ከቤቱ በኩል። ጎረቤት ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ በርጩማ መሬት ላይ ሲጎተት ተሰማኝ፣ እትዬ ማርታን ሳያት እጇ ቆሟል። ያኔ፣ ከዋሸሁ ምላሴን ይቁረጠው፣ ድምፅ መጣ።

«የታምራት እናት! ሃታ!»

ታምራት የበኩር ልጇ ነው፣ ሃታ ደግሞ በወላይትኛ ውኃ ነው። አቶ ባሳ በዕድሜው ውኃ ራሱ ቀድቶ ጠጥቶ አያውቅም፣ እንስራው እግሩ ሥር ቢሆን እንኳ እሷን ከጓሮ እንደዚያ ጮሆ ይጠራት እንደነበር ራሷ ስቃ አጫውታኛለች።

ስትጠብቀው የከረመችው ጥሪ ይኸው መጣ። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው። ተነሳች፣ የእጇን ጭቃ በቀሚሷ ጠረገች፣ ወደ ቤቱ ራመድ አለች። ከዚያ ቆመች። ዞር ብላ የነቀለቻቸውን ችግኞች አየች፣ ቆይታ ቆይታ አየቻቸው፣ ተመልሳም ተንበረከከች።

«እንስራው አጠገብህ ነው፣ ባሳ» አለች በወላይትኛ፣ ሳትቆጣ። «ራስህ ቅዳ። እኔ ሥራ ይዣለሁ።»

ቀጥሎ ጣሳ ከእንስራ አፍ ጋር ሲጋጭ፣ ውኃ ሲንቆረቆር፣ ሰው ሲጎነጭ ሰማን። ከዚያ ጭጭ።

እሷ ግን የመጨረሻዋን ችግኝ ሳትነቅል አልተነሳችም፣ እንዲህ ያለች ሴት አይቼ አላውቅም፣ ደግሞም አላይም። ስትጨርስ በሩን ራሷ ከፈተችው። ማንም የለም። እንስራው ቤቱን ለቃ ስትወጣ እንደደፋችው አቧራ ለብሶ ተደፍቷል፣ አጠገቡ ያለው ጣሳ ግን እርጥብ ነበር፣ ከአፉ ጠብታ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ጣሪያው አፍስሶ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ብዬ ነበር፣ ግን ቀና ብዬ አየሁት፣ ደረቅ ነው።

ቁልፉን ስንመልስ የባሏን ወንድም «አቶ ባሳ መጥተው ነበር እንዴ?» አልኩት።

«ባሳ? ቤሌ ነው እንጂ! አሁን በስልክ አውርተን መዝጋታችን ነው። ምነው?»

«ምንም» አለች እትዬ ማርታ፣ ቁልፉንም መዳፉ ላይ አኖረችለት።

በማግስቱ ችግኞቹን ወንድሟ በሰጣት ጓሮ ተከለች። «እስኪደርስ ስንት ዓመት ነው እትዬ?» አልኳት።

«ይቆያል» አለች፣ «እኔስ የት እሄዳለሁ?»

አሁን እንሰቶቹ ከቁመቴ በልጠዋል፣ እሷም እዚያው ትንሽ ቤት ሠርታ ገብታለች፣ ድሮ የማላውቀውን ሳቅ ትስቃለች፣ ሳያት ደስ ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ አብረን ጓሮውን ስንኮተኩት ግን፣ ሰው ከሌለበት ቤቷ ውስጥ ሳል ሰማሁ። ቀጥሎም ጣሳ።

እትዬ ማርታ ቀና እንኳ አላለችም።

«ተይው» አለችኝ፣ «መቅዳት ለምዷል።»

እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ እሷ ቤት ውኃ ጠጥቼ አላውቅም።